ውሃው የሚመሰክረው

ዓሣ በዋኘበት ውሃ ውስጥ አሻራውን ትቶ ያልፋል። ከቆዳው ዝልግልግ ፈሳሽና ከዓይነ ምድሩ የሚለቀቁ ጥቃቅን ሴሎች ዲኤንኤውን ይዘው በውሃው ውስጥ ይቆያሉ። ተመራማሪዎች ያንን ውሃ ቀድተው በረቂቅ ማጣሪያ ያጠልሉታል፤ የተገኘውን ዲኤንኤም በቤተ ሙከራ አባዝተው አስቀድሞ ከተመዘገበው የየዝርያው ዲኤንኤ ጋር ያስተያያሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኩሬ በቀዱት ውሃ ብቻ የአንድ እንቁራሪት ዝርያ መኖሩን አሳዩ። ዛሬ በዚህ ዘዴ፣ አንድም ዓሣ በመረብ ሳይያዝ፣ በወንዝ አፍ ላይ የትኞቹ ዓሦች እንዳሉ ማወቅ ይቻላል።

ታዲያ በውሃው ውስጥ ማን እንዳለ ማወቃችን ምን ያስገድደናል?

ጥያቄው ለጎንደር ልጆች ሩቅ አይደለም። የከተማችን ወንዞች ቀሃና አንገረብ ወርደው ከመገጭ ይቀላቀላሉ፤ መገጭም ጣና ይገባል። በጣና ውስጥ አጥማጆች «ነጭ ዓሣ» የሚሏቸው፣ ሳይንስ ግን 15 ያህል ዝርያ አድርጎ የለያቸው ዓሦች አሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለያቸው አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም። ከእነርሱ በርካታዎቹ በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው።

በ1986 እ.ኤ.አ. ድሃ አጥማጆችን ለመርዳት በተጀመረ ፕሮግራም የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ብዙ ቤትም እንጀራ አገኘ። ነገር ግን ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች በ75 በመቶ ያህል ቀነሱ።

የእግዚአብሔር ቃል ለዚህ የቀረበ ሕግ አለው። በዘዳግም 22፥6-7 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዟል። ሕጉ መብላትን አይከለክልም፤ የሚከለክለው የነገውን ምንጭ ጨምሮ መውሰድን ነው። በወንዝ አፍ ላይ ዕንቁላል ያዘለችን ዓሣ መያዝስ ከዚህ በምን ይለያል? ዓሦች ይበዙ ዘንድ የተባረኩት ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው (ዘፍ. 1፥22)። እኛ ያልሰጠናቸውን በረከት የመሻር ሥልጣን ከየት እናመጣለን?

«ሰው ከዓሣ ይበልጣል፤ አጥማጁ ምን ይብላ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጌታም ሰው ከብዙ ድንቢጦች እንደሚበልጥ አስተምሯል። ዳሩ ግን በዚያው ትምህርት ውስጥ ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማትረሳ ነግሮናል (ሉቃ. 12፥6-7)። ደግሞም ዓሣው ሲያልቅ አስቀድሞ የሚራበው ያው አጥማጅ ነው። ስለዚህ ዓሣው ዕንቁላል በሚጥልበት ወራት መረቡን ይሰብስብ ስንለው፣ ሸክሙን ለእርሱ ብቻ ትተን እኛ በልተን ማደር አንችልም። በእነዚያ ወራት እንጀራው እንዳይጎድል ማሰብ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

የውሃው ምስክርነት ወሰን አለው። ዲኤንኤው ዓሣው በቅርቡ እንደነበረ ይናገራል እንጂ ስንት እንደሆነ፣ ዕንቁላል መያዝ አለመያዙን አይነግርም። የጣና ነጭ ዓሦች ደግሞ በዘር እጅግ ስለሚቀራረቡ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። የአጥማጁ ዓይንና የተመራማሪው መረብ ገና ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ዓሣው መቼና የት እንደሚሰበሰብ አጥማጆቹ ከጥንት ያውቃሉ፤ ተመራማሪዎችም ጽፈውታል። መልካምን ማድረግ አውቆ ለማያደርገው ኃጢአት እንደሆነ ያዕቆብ 4፥17 ያስተምራል። ስለዚህ የጎደለን እውቀት ብቻ አይደለም።

ከመገጭ አፍ የተቀዳ ውሃ ስለ ዓሣ ብቻ አይመሰክርም። በውሃው ውስጥ የከብቱም የሰውም ዲኤንኤ ይገኛል። በቀሃ ዳር የጣልነው ቆሻሻና ከተራቆተ ማሳችን የታጠበው አፈር ወደዚያው ይወርዳል፤ ደለሉም ዓሣው ዕንቁላል የሚጥልበትን ጠጠር ይሸፍናል። ከወንዙ ራስ ያለን እኛ ነንና ጎረቤታችን ከታች ያለው አጥማጅ ነው።

የወጣቶች ኅብረታችን በዚህ ክረምት ችግኝ ሲተክል፣ ቦታውን ከወንዙ ዳር ቢመርጥስ? ቆሻሻ የሚጣልበትን አንድ የቀሃ ዳርቻ ተረክቦ ዓመቱን ሙሉ ቢጠብቅስ? ዓሦቹን አናያቸው ይሆናል። የፈጠራቸው ግን ያያቸዋል፤ እኛንም ጠባቂ አድርጎ ያኖረን በእርሱ ምድር ላይ ነው።