የተገዛ ምስክርነት



በካምባ የገበያ ቀን ገዢ መስሎ የወዳጁን ዕቃ የሚያወድስ ሰው ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። በገበያ ያለ ሰው ግን የአወዳሹን ፊት ያያል፤ የማን ዘመድ እንደ ሆነም ጠይቆ ይረዳል። ልጆቻችን በስልካቸው፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚያነቡት ውዳሴ ፊት የለውም።

አንድ ወጣት ከኑዛዜ ውጭ ወደ እኛ መጥቶ ነበር፤ ስሙን ሳንጠቅስ እንድንጽፈውም ፈቅዶልናል። በአርባ ምንጭ ተማሪ ሳለ፣ ቀምሶት ስለማያውቀው የስኳር በሽታ መድኃኒት «ተጠቅሜ ድኛለሁ» ብሎ በልዩ ልዩ ስሞች ይጽፍ፣ ለእያንዳንዱም ጥቂት ብር ይቀበል ነበር። «አባ፣ መድኃኒቱን የሸጥሁት እኔ አይደለሁም፤ ይህ ኃጢአት ይሆንብኛልን?» አለን። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር፤ ስናስበው ግን ከበደን። ያንን አንብባ ሐኪም ያዘዘላትን የተወች እናት ብትኖር፣ ያመነችው ሻጩን ሳይሆን እርሱን ነውና። ሻጭ ዕቃውን እንደሚያወድስ ማን ያጣዋል? እንደ እርሷ ታሞ የዳነ ሰው ሲናገር ግን ልቧ ያርፋል።

ስምንተኛው ትእዛዝ የሚመለከተው የችሎት መሐላን ብቻ አይደለም። ስለ እምነታቸው የሞቱትን «ሰማዕት» እንላለን፤ ትርጉሙ ምስክር ማለት ነው። በደም የከበረው ስም ይኸው በሳንቲም ይሸጣል። የጋሞ አባቶችም በዱቡሻ ነገር ሲመረምሩ ሐሰትን ጎሜ ይሉታል፤ ጥፋቱ ከተናጋሪው አልፎ አገሩን እንደሚነካ ያምናሉና። (ስለ ጎሜ የሚባለውን ሁሉ እንቀበላለን ማለታችን አይደለም፤ በዚህ ነገር ግን ከብዙ ስብከታችን ይልቅ ያስተምራል።)

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። በአሜሪካም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. የሐሰት የደንበኛ አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ይሁን እንጂ በሐሰት ስም የሚጽፈውን ሁሉ የትኛው ዳኛ ፈልጎ ያገኘዋል?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2487 እውነትን የበደለ ሰው ጥፋቱን የመካስ ግዴታ እንዳለበት ያስተምራል። ስለዚህ ወጣቱን፣ «መናዘዝህ መልካም ነው፤ ጽሑፎቹ እስካሉ ድረስ ግን ዛሬም እየመሰከርህ ነው» አልነው። የሚችለውን ሁሉ ሰረዘ፤ መድኃኒቱን ቀምሶት እንደማያውቅም በገዛ ስሙ ጻፈ። የተቀበለውን ብር ለማን እንደሚመልስ ሲጠይቀን፣ ለአንድ ድሀ የስኳር ሕመምተኛ የመድኃኒት መግዣ እንዲያደርገው መከርነው፤ አደረገውም። ከጽሑፎቹ ሁለቱ ግን የይለፍ ቃላቸው ስለ ጠፋበት እስከ ዛሬ ይነበባሉ።