ሳሩ ፕላስቲክ፣ ደስታው ኪራይ

ግንቦት 1 ቀን፣ የልደታ ለማርያም ዕለት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ግቢው መሀል ድንኳን ተተክሏል። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ወገባቸውን በወርቅማ ሪባን ታስረዋል። ድምፅ ማጉያው ያጓራል። የዲኮር ሠራተኞች ያቆሙት፣ በአርቴፊሻል አበባ የተሸፈነ ግድግዳ አለ፤ ሰው ተሰልፎ እሱ ሥር ፎቶ ይነሣል። ረከቦቱ ዙሪያ ደግሞ የፕላስቲክ ሳር ተነጥፏል። ለዚህ ሁሉ ከየቤቱ መዋጮ ተሰብስቧል። በጡረታ አበል የሚተዳደሩ አንዲት እናት መዋጮው ስለከበዳቸው በራቸውን ዘግተው ቤታቸው ዋሉ። ድሮ፣ ሰፈራቸው ሳይፈርስ፣ የልደታን ንፍሮ የሚቀቅሉት እኚሁ ሴት ነበሩ።

ይህ ምን የሚሉት በዓል ነው? ልደታን ለማክበር ገንዘብ መጠየቅ ከየት መጣ? ልደታ እኮ ከበዓሎቻችን ሁሉ ወጪ የማታውቅ በዓል ናት! የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነግረን ኢያቄምና ሐና ልጃቸውን ማርያምን የወለዱት ከቤታቸው ርቀው፣ በሊባኖስ ተራራ፣ ደጅ ላይ ነው። ስለዚህ እኛም ከቤት ወጥተን፣ ደጅ ተቀምጠን፣ ንፍሮ ቀቅለን እናስባታለን። አንዷ ስንዴ ታመጣለች፣ አንዷ ባቄላ፣ ሌላዋ ሽምብራ፤ ምንም የሌላት ውኃ ትቀዳለች፣ እሳት ትቆሰቁሳለች። ሁሉም በአንድ ጎላ ይቀቀላል። ከጎላው ሲወጣ የማን ስንዴ፣ የማን ባቄላ እንደሆነ የሚለይ የለም፤ ያላትም የሌላትም እኩል ትዘግናለች። መዋጮው በብር ሲሆን ግን የስም ዝርዝር ይወጣል። የከፈለና ያልከፈለ ይለያል። ያልከፈለው ያፍራል፤ ያፈረውም በሩን ይዘጋል። የድሃ እናት በር ያዘጋ በዓል ለማን ክብር ነው የሚከበረው?

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ያ የፕላስቲክ ሳር ነው። ቄጠማ ከገበያ ሲመጣ እርጥብ ነው። ሲጎዘጎዝ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲረገጥ መዓዛው ይነሣል። ከዕጣኑና ከሚቆላው ቡና ጋር ሲደባለቅ ሕፃን ልጅ እንኳ ማንም ሳይነግረው ዛሬ በዓል መሆኑን ያውቃል። በማግሥቱ ጠውልጎ ይጠረጋል። የፕላስቲኩ ሳር አይሸትም፣ አይጠወልግም፤ ማታውኑ ተጠቅልሎ ለነገው ደንበኛ ይጫናል። ቄጠማ ሻጯ በዋዜማው ሸክሟን አውርዳ መንገድ ዳር ፀሐይ ይፈጃታል፤ እኛ እሷን አልፈን ከባሕር ማዶ የመጣ ሳር እንከራያለን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ምን ያህል እንደከበደን ዘይትና መድኃኒት የገዛ ሁሉ ያውቃል። ሳር በሚያበቅል አገር ላይ ለሳር ዶላር ማውጣት ነውር ነው! ነውር መሆኑን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እኛ ግን የሰው ወርቅ፣ የሰው ወንበር፣ የሰው ሳር ተከራይተን ደመቅን እንላለን። ደስታ ኪራይ ሆነ። ልደት ኪራይ፣ ክርስትና ኪራይ፣ ምርቃት ኪራይ። ገና ፊደል ያልለዩ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ካባ ለብሰው ይመረቃሉ፤ ለዚያም ዲኮር አለ፣ ለዚያም ፎቶ አንሺ አለ፣ ለዚያም ወላጅ ይበደራል። ልጁ ካባው ሞቆት ያለቅሳል፤ እናትየው እንባውን ጠርጋ ለፎቶ ሳቅ ትለዋለች። ልጅን በልቅሶው መሀል ለካሜራ እንዲስቅ ማስተማር ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ለዚህች አገር በየወቅቱ የራሱ ደስታ ያለው ዓመት ሰጥቷታል። ክረምቱ፣ መፀው፣ በጋው፣ ፀደዩ ሁሉም ስንቁን ይዞ ይመጣል። የእኛ ድርሻ በር ከፍቶ መቀበል ብቻ ነበር።

ክረምቱን ተመልከቱ። ሐምሌ ሲገባ የበቆሎ እሸት መንገዱን ይሞላዋል። ከመንገድ ዳር የተጠበሰ ገዝቶ እየጋጡ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ፣ ማንደጃውን ከብቦ፣ በቆሎውን በራስ እጅ እያገላበጡ መጥበስ ግን ሌላ ነው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ አንዱ ያርገበግባል፣ አንዱ ያገላብጣል፣ ትንሹ ልጅ የእኔ ደረሰ ወይ እያለ ይጨቀጭቃል። ያን ጊዜ ነው ተረት የሚነገረው። ያን ጊዜ ነው እንቆቅልህ ሲባል ምን አውቅልህ የሚባለው፤ መመለስ ያቃተው አገር እየሰጠ የሚስቀው። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ የሌለው ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ቤት ሄዶ እግሩን አጥፎ ያዳምጥ ነበር። አንድ ሬዲዮ ስንት ቤተሰብ ያስደስት ነበር! ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ በሰው ልክ ስልክ አለ፤ ሁሉም በየጥጉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ እራት ቀርቦ እንኳ ቀና የሚል የለም። እናንት ወላጆች፣ ልጆቻችሁ አንድም ተረት ሳያውቁ ሊያድጉ ነው። ተጠያቂው ኢንተርኔቱ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ሙልሙል ለመጋገር ምን ያህል ዱቄት ይፈልጋል? ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በር ላይ ቆመው በዱላቸው መሬቱን ሲመቱ የሚሰማው ደስታ በየትኛው አዳራሽ ይገኛል? ግን በየኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጥበቃ ያባርራቸዋል፤ የሚገቡትም ከሙልሙሉ ይልቅ ብር ይጠብቃሉ። ይህንንም ያስተማርናቸው እኛው ነን፤ ሙልሙል መጋገር ሰንፈን ብር ሰጥተን ሸኘናቸው። ጳጉሜን 3 ቀን የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ልጆች ወጥተው ይታጠቡበት ነበር፤ አሁን ልብሳቸው እንዳይበላሽ ከመስኮት ያዩታል። ዝናብ እንኳ ልጁን ነፍገነዋል!

መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ በነፃ ይፈነዳል። ከለቡና ከሃና ማርያም ወጣ ብሎ ሜዳ ካገኙ ልጆችን ይዞ ሄዶ አበባ መልቀም አንድ ቀን የሚሞላ ደስታ ነው። እሱን ትቶ ለእንቁጣጣሽ የፕላስቲክ አበባ የሚገዛ አለ። ቢጫ ፕላስቲክ! አገሩ ሁሉ ቢጫ ለብሶ ሳለ!

ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ የእሸት ጊዜ ነው። የሽምብራ እሸት ከነቅጠሉ በእስር በእስር ተደርጎ ይሸጣል። በርጩማ አውጥቶ፣ የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ፣ ከጎረቤት ጋር እየፈለፈሉ መብላት ለጤናም ለፍቅርም ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለውም ለብርዱ ነው፤ አንዷን አጥንት ከጥሩ በርበሬ ጋር ቀቅሎ ቤተሰብ ሁሉ መረቁን ሲጠጣ ይሞቃል። ኅዳር 12 ኅዳር ሲታጠን ቤትና ደጁ ይጠረጋል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን የጨረሰበት መታሰቢያ ነው። ልጆችን ይዞ ግቢን ማጽዳት፣ ታሪኩንም እየጠረጉ መንገር ያለ አንዳች ወጪ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ቆሻሻውን ግን አታቃጥሉ፤ ጭሱ የጎረቤት ሕፃን ያሳምማል።

በጋው ሲመጣ የቤት ዝግጅት ይጀመራል። በርበሬ ይገዛል፣ ይቀነጠሳል፣ ይሰጣል። የበርበሬ ቅንጠሳ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ጣት ይለበልባል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ማስነጠስ ከአንዷ ወደ አንዷ ይዞራል፤ ሆኖም ሰፈሩ ውስጥ ያለ ወሬ ሁሉ፣ የሰርግ፣ የሐዘን፣ የእርቅ ጉዳይ፣ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከዚያ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ኮሰረቱ ይለቀማል፤ ወፍጮ ቤት ይኬዳል። ዛሬ ሁሉም የታሸገ ከሱፐርማርኬት ያነሣል። የታሸገው ዱቄት በርበሬ ይሆን ይሆናል፤ ጎረቤት ግን አብሮት አልታሸገም።

የዐቢይ ጾም 55 ቀንም የቁጠባና የጣዕም ወቅት ነው። የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ስልጆ፣ በሰናፍጭ የተለወሰ ባቄላ አለ፤ በጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ጉልባን። እነዚህን መሥራት የምታውቅ ወጣት ዛሬ ስንት ትገኛለች? ወጣት ወንድስ? እናንት አባቶች፣ ድራፍት ቤት ከምታመሹ ከልጃችሁ ጋር ሽምብራ ብትቆሉ ምን ይጎድልባችኋል? የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር ክረምትንም በጋንም ይዞራል፤ በየትኛውም ወቅት ይምጣ፣ ማፍጠሪያ ሲደርስ ከሾርባው፣ ከሳምቡሳው በሳህን ጎረቤት ይደርሳል። ያ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ ተደርጎበት ይመለሳል። ያ የሚመላለስ ሳህን ነው አገር ያቆመው።

የሳምንቱን ቡና ደግሞ ማን ከለከለን? ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ በየሰው ፊት ይዞራል፣ ይወቀጣል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ የሚጣደፍ የለም። ጤና አዳም በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጄሪካን ይበቅላል፤ አንድ ቅጠል ሲኒው ውስጥ ጣል ይደረጋል። በሶብላውም ጎመኑም እዚያው ይበቅላል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በከተማ ጠባብ ቦታ አትክልት ስለመትከል ብዙ ተብሏል፤ የተባለውን በረንዳው ላይ ያደረገ ምስጋና ይገባዋል። ሌላው ግን ቡናውንም ካፌ ሄዶ፣ ኮረብታ አስመስለው ባነጠፉት የፕላስቲክ ሳር ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። መልሶ ያ ሳር! ቤት ቢገባ ሳር፣ ካፌ ቢገባ ሳር፣ ልደት ቢሄድ ሳር፣ አሁን ደግሞ የእመቤታችን ልደት ላይ ሳር!

ለዚህ ሁሉ ኪራይ ሰበቡ ቦታ የለም የሚል እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ኮሚናሉ የት ሄደ? ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በዓልና ሐዘን የሚስተናገድበት የጋራ ቤት አብሮ የተሠራው ለዚህ አልነበረም ወይ? እኔ የማውቀው ግቢ ውስጥ ኮሚናሉ ተከራይቷል፤ ንፍሮ ሊቀቀልበት የሚገባው ቤት የነጋዴ ዕቃ ይከመርበታል። ኪራዩ ምን ላይ እንደዋለ የሚጠይቅ ነዋሪም የለም። ስብሰባ ሲጠራ ከሃያ ቤት አንዱ ይመጣል፤ የቀረው ቴሌቪዥን ያያል። የጋራ ቤታችንን አሳልፈን ሰጥተን ድንኳን እንከራያለን! የማኅበራት ኮሚቴዎች ይህን ነገር ልብ በሉ። የነዋሪው ቤት ለነዋሪው ይመለስ። ለልቅሶ፣ ለልደታ፣ ለአዛውንት ቡና የሚሆን ቦታ ከማንኛውም ኪራይ ይበልጣል።

ድሃ ሆነን ይህን ስላደረግን አይደለም የምቆጣው። ባለጸጋም ቢሆን ያው ነው። ደስታ የሚከራይ ሰው ገንዘቡ ባለቀ ቀን ደስታው ያልቃል። ደስታውን በቤቱ፣ በጎረቤቱና በወቅቱ ላይ የሠራ ሰው ግን ኑሮ ሲወደድም አይከስርም። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ተረቱ ይነገራል፣ ፀሐዩ ይሞቃል። እናቶቻችን በጦርነትም በረሃብም ዘመን ልጆቻቸውን እያሳቁ ያሳደጉት በዲኮር አልነበረም።

ስለዚህ የምላችሁ ይህን ነው። ለበዓል ከጎረቤት ብር አትሰብስቡ፤ ያለው ያለውን በእጁ ይዞ ይምጣ፣ የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ። ቄጠማ ከሻጯ ግዙ። የዲኮር ሰው ደጃችሁ ሲመጣ በደህና ቃል መልሱት፤ ለሌላ ሥራ የሚበቃ ጉልበትና ችሎታ አለው። በሳምንት አንድ ማታ ስልክ ሁሉ አንድ ሙዳይ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቡና ይፈላ፣ ትልልቆቹ ያውሩ፣ ልጆቹ ይስሙ። በር ዘግተው የሚውሉ ሽማግሌና አሮጊት ካሉ ሄዳችሁ አንኳኩ፤ ኑ ብላችሁ አምጧቸው፣ ከመሀል አስቀምጧቸው፣ መጀመሪያ እነሱ ይዝገኑ፣ እነሱ ይመርቁ። በሚመጣው ግንቦት 1 በጀሞም፣ በመካኒሳም፣ በጎፋም፣ በቄራም አንድም ድንኳን አይተከል። እመቤታችን ድንኳን አልጠየቀችንም፤ ጎላውን ጣዱ።