የሚቆጥበው ማን ነው?

ሐርጌሳን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ እንግዳ ቶሎ ከሚያስተውላቸው ነገሮች አንዱ የመኪናዎቹ መሪ ነው። መኪናው የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ መሪውም ያለው በቀኝ ነው። አብዛኞቹ ጃፓን ውስጥ አገልግለው በበርበራ ወደብ የገቡ፣ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠሩ ናቸው። በዚህም ምክንያት ነጂው ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲያስብ፣ ከወዲያ የሚመጣውን ቀድሞ የሚያይለት ከጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ይህ ጸሐፊ ማሕሙድ ሃይቤ በተባለው ሰፈር መኖር ከጀመረ ወዲህ «አሁን እለፍ»፣ «ቆይ፣ አትለፍ» ያለበትን ጊዜ ቆጥሮ አይጨርሰውም።

ስለ መኪና የምናስበው ሐሳብም ብዙውን ጊዜ እንደ መኪናው ሁሉ ለሌላ መንገድ ተሠርቶ የመጣ ነው። ይህን ያስገነዘበኝ ባለፈው ዓመት የገጠመኝ ጉዳይ ነበር። ከትርጉም ሥራ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አንድ ያገለገለች አነስተኛ መኪና ለመግዛት ደረሰችልኝ። በፊቴ ሁለት ምርጫዎች ነበሩ። አንደኛው በዚህ ከተማ እንደ ዶሮ የበዛው ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ ርካሽ ነው፣ መለዋወጫው በየማዕዘኑ ይገኛል፣ የማይጠግነው መካኒክ የለም። ሁለተኛው ባለ አራት በሩ ኮሮላ አክሲዮ ሃይብሪድ ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ነዳጅ ቆጣቢነቱ ግን በሁሉም አፍ የተመሰገነ። አንድ ወዳጄ ሁለተኛውን እንድመርጥ ሲመክረኝ፣ «ለኪስህም ለሕሊናህም ይበጃል» አለኝ።

ስለ ኪሴ የተናገረው በሒሳብ ሊመረመር ይችላል። ስለ ሕሊናዬ የተናገረው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ለመሆኑ መኪናው ሲቆጥብ እኔ ቆጠብኩ ማለት ነውን?

አንዳንድ አንባቢያን ሃይብሪድ ሲባል ማታ ማታ ከሶኬት ጋር የሚያያዝ መኪና ይመስላቸዋል። እዚህ በብዛት የምናየው ዓይነት አይያያዝም። ኃይሉ ሁሉ መነሻው ያው ቤንዚን ነው። ልዩነቱ ሌላው መኪና የሚያባክነውን ይህኛው መልቀሙ ነው። ተራ መኪና ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሩጫው ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ በከንቱ ይጠፋል። ሃይብሪዱ ግን ያንን ጉልበት በኤሌክትሪክ ሞተሩ አማካይነት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፤ ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል፤ ሲነሣ በባትሪው ይገፋል። እንግዲህ የሚጠቅመው ቆም ተነሣ በሚበዛበት የከተማ መንገድ ነው። ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው ረጅም ጎዳና ላይ ብልጫው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ማሮዲ ጄሕ በተባለው ደረቅ ወንዝ ድልድይ ላይ ተጨናንቆ ለሚውል ግን ትልቅ ነገር ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ የመጀመሪያውን ፕሪየስ ለጃፓን ገበያ ሲያቀርብ፣ እሱም ባለ አራት በር አነስተኛ ሴዳን ነበር። የአክሲዮው ሃይብሪድ የመጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

የእኔ ሙያ ቃላትን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ነውና ጉዳዩን በቃሉ በኩል ልየው። በአማርኛ «ቆጠበ» የሚለው ግሥ ወደ ራሱ ሲመለስ «ተቆጠበ» ይሆናል፤ ትርጉሙም ራሱን ገታ፣ ከማድረግ ታቀበ ነው። ከክፉ ነገር የሚቆጠብ ሰውና ገንዘቡን የሚቆጥብ ሰው ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በሶማሊኛ ቁጠባንም ኢኮኖሚንም የሚያመለክተው ቃል «ደቃሌ» ሲሆን፣ ከብትን ማርባትና መንከባከብን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ይዛመዳል። የአርብቶ አደሩ ቁጠባ አለመንካት አይደለም፤ ያለውን ጠብቆ እስከሚቀጥለው ዝናብ ማድረስ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ግን ቁጠባ የሰው ምግባር ነው። «ቆጣቢ መኪና» ስንል ምግባሩን ለዕቃው አከራየን፤ ዕቃውን ስንገዛም ምግባሩን አብረን የገዛን መሰለን።

ይህን የመሰለ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ከእኛ በፊት ነበረ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው «የድንጋይ ከሰል ጥያቄ» በተባለው መጽሐፉ፣ የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ከቀደሙት ይልቅ ከሰል ቆጣቢ ሆኖ ሳለ የእንግሊዝ የከሰል ፍጆታ እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም እንደጨመረ አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ከሰል ሲቆጥብ ሥራው ረከሰ፤ ሥራው ሲረክስ ሞተሩ ቀድሞ ወዳልገባበት ሁሉ ገባ። በመኪናም ቢሆን ያው ነው። ቀድሞ በእግሬ እሄድበት ወደነበረው ሱቅ «ምን ያህል ነዳጅ ይበላል ብለህ ነው» እያልኩ በሃይብሪዱ መሄዴ አይቀርም። በዳሽቦርዱ ላይ የምትታየው ትንሽ ሥዕል፣ ጉልበት ከጎማ ወደ ባትሪ ሲመለስ በቀስት የምታሳየው፣ ለነጂው በየደቂቃው «ጎበዝ» የምትለው ትመስላለች። ከቤት አለመውጣቴን የሚያሞግስ ሥዕል ግን ማንም አልሠራልኝም።

በዚህ ዓይነት እያወጣሁ እያወረድኩ ሳለሁ ነበር ሐሳቤን የለወጠው ሰው የመጣው። ጎረቤቴ ነው፤ በአሮጌ መኪና ሰው እያመላለሰ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ቤተሰቡ ወደ ኢትዮጵያ ተሰድዶ በሐርቲሼክ መጠለያ፣ በኋላም በጅግጅጋ አድጎ ነበርና አማርኛን እንደ እኛው ይናገራል። ሁለቱን መኪናዎች እያወዳደርኩ መሆኔን ሰምቶ፣ «ወላሎ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «አንተ ያንን መኪና ገዝተህ ግቢ ውስጥ ታቆመዋለህ። እኔ ቀን ሙሉ እያቃጠልኩ እዞራለሁ። ቆጣቢ መኪና ቆሞ ምን ይቆጥባል?»

ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን አሰላሁ። የእኔ ሥራ ቤት ውስጥ ስለሆነ በዓመት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የምነዳ አይመስለኝም። ተራው መኪና በሊትር 13፣ ሃይብሪዱ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል (የጃፓኑ የመመዘኛ ቁጥር ለአክሲዮው 33 ያህል ይላል፤ ነገር ግን የእኛን አቧራና ኮረኮንች አላየም)፣ እኔ በዓመት የማተርፈው 80 ሊትር ገደማ ነው። ጎረቤቴ በቀን 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሳምንት 6 ቀን ይነዳል። የእሱ ትርፍ በዓመት ወደ 1,000 ሊትር ይደርሳል። እኔ በዓመት የማተርፈውን እሱ በአንድ ወር ያተርፈዋል ማለት ነው። ሆኖም ሃይብሪዱን ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብ ያለው በእኔ እጅ ነው። ብዙ የሚነዳው መግዛት አይችልም፤ መግዛት የሚችለው ብዙ አይነዳም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የነዳጅ ዋጋ አስቀድሞ የሚያቃጥለው ማንን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲወደድ ቀድመው ሥራ ያቆሙት የታክሲ ነጂዎች ነበሩ፤ መንግሥትም ዋጋውን መልሶ ለመቀነስ ተገደደ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ይናገረዋል። የግል መኪና ላለው ሰው የቤንዚን ዋጋ ምሬት ነው፤ ለባለ ታክሲው ግን እንጀራ ነው። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏ በተሰማ ጊዜ፣ እዚህ ያለን አበሾች በየሻይ ቤቱ ተከራክረንበታል። ኤሌክትሪኳን በአመዛኙ ከወንዞቿ ለምታመነጭ አገር ነገሩ መልክ አለው። ለብዙ ዓመታት መብራቷን ከናፍጣ ጄኔሬተር ስታገኝ ለኖረችው ሐርጌሳ ግን፣ የፀሐይ ኃይል እየተስፋፋ ቢመጣም፣ ሒሳቡ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ጎረቤቴ የጠየቀኝን ጥያቄ ያነሣ ሰው አላስታውስም።

መኪናውን ለጎረቤቴ ልተውለት ወይም ላበድረው የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ግን ፈራሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ሁለት ሳምንት ያህል በመንገድ ላይ እንዳላገኘው እየዞርኩ ሄጃለሁ። በሰው አገር የሚኖር ሰው ገንዘቡን ካበደረ በኋላ ወዴት ይጮኻል? ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ባትሪው ነበር። በአክሲዮው ውስጥ ያለው የኒኬል ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫው ሥር ሲሆን፣ ከመቀመጫው ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ በሚገባ አየር ይቀዘቅዛል። ቀዳዳዋን አቧራ ሲደፍናት ባትሪው ይግላል፤ የጋለ ባትሪ ቶሎ ያረጃል። ከአቧራ ጋር በሚኖር ከተማ፣ ከ10 ዓመት በላይ የሠራ ባትሪ ምን ያህል እንደቀረው በዓይን አይታይም። መካኒኮች የደከሙትን ክፍሎች እየለዩ በሌላ ይተካሉ፤ ያም ዕድሜ መግዛት እንጂ ማዳን አይደለም። ሲሞትስ የት ይጣላል? ጃፓን በመኪናው የመጀመሪያ ዕድሜ ንጹሕ አየሯን አገኘች፤ የባትሪው ሬሳ ግን እኛ ዘንድ ይቀበራል። ስለ ሕሊና የሚነገረው ነገር ለሌላ መንገድ የተሠራ ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ነገር አለ፤ መኪናው በዝግታ ሲሄድ ድምፅ የለውም። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ ሞዴሎች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ ታዝዟል፤ በማሕሙድ ሃይቤ ውስጥ ውስጥ መንገዶች ግን ፍየልና ሕፃን የሚሸሸው ድምፅ ሰምቶ ነው።

በመጨረሻ ያበደርኩት የዋጋውን ግማሽ ነው፤ ሌላውን ከአሮጌ መኪናው ሽያጭና ከዘመዶቹ አገኘ። ውሉን በአማርኛና በሶማሊኛ የጻፍኩት እኔው ነኝ። በሕይወቴ ካረቀቅኋቸው ውሎች ሁሉ እንደዚህኛው ያስቸገረኝ የለም። ባትሪው ቢሞት ኪሳራውን እኩል እንካፈላለን፤ የሞተውም ባትሪ አሮጌ ባትሪ ለሚገዛ ጋራዥ ይሰጣል እንጂ ወንዙ ውስጥ አይጣልም ብለን ጻፍን። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ስናነብ ጎረቤቴ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን ፈረመ። ለእኔ መኪና መግዣ የቀረኝ ገንዘብ አልበቃም። ዕዳውን በየሳምንቱ በስልክ፣ በዛድ ይልክልኛል።

ከ4 ወር በኋላ ሒሳቡን አብረን አየነው። ቀድሞ በወር 237 ሊትር ያህል ያቃጥል ነበር፤ እኔ በወረቀቴ ላይ ወደ 154 ይወርዳል ብዬ ነበር። የወረደው ወደ 190 ነው። ጄቮንስ በመካከላችን ተቀምጦ ፈገግ ሲል የታየኝ መሰለኝ። ነገሩን ስጠይቀው አልካደም፤ ነዳጁ ሲቀለው ቀድሞ «አያዋጣኝም» እያለ እምቢ ይላቸው የነበሩትን የከተማው ዳር ነዋሪዎች መጫን ጀምሯል። አንዲት እናት ልጇን በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት የምታደርሰው በእሱ መኪና ነው። ከቁጠባው የጎደለው 36 ሊትር የሄደው ወደዚያ ነው።

ጄቮንስ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ስለ ከሰሉ እንጂ ስለ ሰዉ አልነገረኝም። እኔ ወደ ሱቅ በመኪና ብሄድ የምጨምረው ሊትርና ያች እናት የምትጨምረው ሊትር በጭስ ማውጫው በኩል አንድ ናቸው። ከሰማዩም በኩል ሲታዩ አንድ ናቸው። ድርቁ እየተመላለሰ ከብቱን ለፈጀበት ለዚህ አገር አርብቶ አደር የጭሱ ባለቤት ማንነት ምንም አይፈይድለትም፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ሁለቱን እኩል ቆጥሮ፣ ሁለቱንም «ብክነት» ብሎ የሚጠራ ሒሳብ የሆነ ነገር እንደጎደለው ይሰማኛል። የጎደለውን ነገር ስም በሁለቱም ቋንቋዎች እየፈለግሁ ነው።

እኔ እንደ ቀድሞው በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሲርቀኝ በጎረቤቴ መኪና እሳፈራለሁ፤ ሒሳቡንም እንደ ማንም እከፍላለሁ። የምቀመጠው ከኋላ ነው። ገና ስገባ ጎንበስ ብዬ ከመቀመጫው ጎን ያለችውን ቀዳዳ በመሐረቤ እጠርጋታለሁ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ምን እንደጠፋኝ ይጠይቁኛል።