ይቅርታና ደመና

በሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት ታክሲ ለምንነዳ ሰዎች የሐምሌ ጧት ደመና የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ዝቅ ብሎ ሲገባ፣ የኤርፖርቱ መንደርደሪያዎች የተቀራረቡ በመሆናቸው አውሮፕላኖች እንደ ልብ ጎን ለጎን ማረፍ አይችሉም፤ እነሱ ይዘገያሉ፣ እኛም ተሰልፈን እንጠብቃለን። በአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ስለነበርኩ፣ ጊዜውን ስለዚሁ ደመና በማንበብ አሳልፈዋለሁ። (ጓደኞቼ ካርታ ይጫወታሉ፤ እኔን «ቲቸር» እያሉ ይስቁብኛል።)

ስትራቶኩሙለስ የሚባለው ይህ ደመና ከካሊፎርኒያ፣ ከፔሩና ከናሚቢያ ዳርቻ ባሻገር ውቅያኖሱን እንደ ጋቢ ይሸፍናል። ከሳተላይት ሲታይ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ድፍን ነው፤ ነጫጭ ክምሮች እንደ ኮብልስቶን ተጠጋግተው ይታያሉ። ሁለተኛው ክፍት ነው፤ ጠርዙ ብቻ ቀርቶ መሐሉ ባዶ የሆነ የማር እንጀራ ይመስላል፤ ወደ ጠፈር የሚመልሰው የፀሐይ ብርሃንም ያንሳል። ከድፍኑ ወደ ክፍቱ የሚያሻግረው ካፊያ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ብናኝ ሲያንስ የደመናው ጠብታዎች ቁጥራቸው ቀንሶ መጠናቸው ይገዝፋል፤ የገዘፈው ይዘንባል፤ ዝናቡም ብናኙን ይዞ ስለሚወርድ ካፊያው ይብስበታል። ኢላን ኮረንና ግራሃም ፋይንጎልድ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ነገሩን በአዳኝና በታዳኝ እንስሳት የሒሳብ ቀመር ገልጸውታል። ደመናው ሚዳቋ፣ ዝናቡ ነብር መሆኑ ነው።

እኔን ቆም ያደረገኝ ግን ፋይንጎልድና ባልደረቦቹ በ2015 ያወጡት ጥናት ነው። በኮምፒዩተር በሠሩት የደመና ሞዴል፣ ድፍኑ ደመና በፍጥነት ይከፈታል፤ ወደ ድፍንነቱ መመለሱ ግን ይዘገያል። የጠብታዎቹን ቁጥር በጣም በፍጥነት ቢመልሱለትም እንኳ ይዘገያል። ለምን ቢባል፣ ደመናው ራሱን በራሱ ያኖር ነበርና ነው። አናቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው አየር ወደ ታች ይሰምጣል፤ ይህ መታመስ ከባሕሩ እርጥበት እያነሳ ደመናውን ይመግበዋል። ደመናው ሲሳሳ ማቀዝቀዙም መታመሱም ይደክማል፤ ከሥሩም እርጥበቱን የሚያግድ የረጋ አየር ይተኛል። የጥፋቱን ምክንያት ማስወገድ አንድ ሥራ ነው፤ የጠፋውን መመለስ ሌላ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አስተምረው የነበረ አንድ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ጥያቄ የሚበዛበት ክፍል ነበር፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይደፍራል። አንድ ቀን ደክሞኝ ሳለ፣ አንድ ልጅ በፍጥነትና በፍጥንጥነት መካከል ያለውን ልዩነት ለሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቀኝ «ለአንተ ከማስረዳ ለሰሌዳው ባስረዳ ይሻለኛል» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ብቻ ሳይሆን፣ ከክፍሉ ሁሉ እጁን የሚያወጣ ጠፋ።

ከሳምንት በኋላ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ልጁም «ምንም አይደል ቲቸር» አለኝ። ጠበቅሁ፤ ጥያቄ ግን አልመጣም። ያን ጊዜ ውስጤ ተቆጣ። ይቅርታ ጠይቄ የለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ? አልኩ። ባልና ሚስት ስናስታርቅም ይህንኑ ነው የምንለው፦ «ይቅርታ ብሎሻል፣ ታዲያ ምን ቀረሽ?»

እርግጥ ደመና ቂም አይዝም፤ በቀመሩ ውስጥም ጸጸት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የሰውን ግዴታ ከደመና መማር ይቻላል አልልም። ሆኖም አንድ ስሕተቴን አሳይቶኛል፤ ዝግታን እንደ ቂም ቆጥሬው ነበር። ልጁ ይቅር ብሎኝ ይሆናል። የጠፋው ግን ጥያቄ ጥያቄን የሚወልድበት የክፍሉ ሕይወት ነበር፤ እሱን ደግሞ ልጁም ቢፈልግ ሊመልስልኝ አይችልም። እንግዲህ ቁጣዬ ፍትሕ አልነበረውም። ተበዳዩ ይቅርታውንም ሰጥቶ፣ እንደ ድሮው የመሆኑንም ሥራ እንዲሠራልን የምንጠብቅ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ እያስከፈልነው ነው። «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ያው ነው፤ በሞዴሉ እንኳ ደመናው ቶሎ የሚመለሰው ከጠብታዎቹ በተጨማሪ ከባሕሩ ብርቱ ሙቀትና እርጥበት ሲመጣለት ነው።

እኔ ያደረግሁት ትንሽ ነበር። ጥያቄውን ራሴ እያነሳሁ፣ መልሱን ሆን ብዬ እየሳትኩ እንዲያርሙኝ ማድረግ ጀመርኩ። ሰኔ ሲደርስ ሁለት ሦስት እጅ ይወጣ ነበር። የዚያ ልጅ ግን አልነበረበትም።