ቤተ ክርስቲያንን በመዳፍ ልክ መሥራት ድፍረት ነውን?

ባሕር ዳርን የጎበኘ ሰው ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ይዞ ይመለሳል። ከላሊበላ የተመለሰው ደግሞ በድንጋይ የተቀረጸች ቤተ ጊዮርጊስን፣ ከአክሱም የመጣው ስንዝር የማትሞላ ሐውልትን ገዝቶ ይመጣል። ታንኳዋ ማንንም አታከራክርም። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ጥያቄ ታስነሳለች፦ ጫማ ተወልቆ የሚገባበትን፣ ወደ መቅደሱ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም የማይደርስበትን ቤት አሳንሶ ቀርጾ ለገበያ ማውጣት ድፍረት አይሆንም?

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱሳት ሥዕላት ሰፊ ቦታ ብትሰጥም፣ ከተቀረጸ ምስል ግን ትጠነቀቃለች። የጥንቃቄው መሠረት በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ያለው ትእዛዝ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 25 ሙሴ የመገናኛውን ድንኳን ከመሥራቱ በፊት ምሳሌው በተራራው ላይ ታይቶታል። ዳዊትም ለሰሎሞን የቤተ መቅደሱን ምሳሌ አስቀድሞ እንደሰጠው በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 28 ተጽፏል። ትእዛዙ የከለከለው ለተቀረጸው መስገድን ነው፤ የቤትን መልክ በሌላ ነገር ማሳየትን አይደለም።

የአገሩ የሕንፃ ጥበብም ይህንኑ ይመሰክራል። በአክሱም አቅራቢያ ሐውልቲ በተባለው ስፍራ ከክርስትና በፊት የተሠሩ ትንንሽ የሸክላ ቤቶች በቁፋሮ ተገኝተዋል። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው የአክሱም ሐውልትም በድንጋይ የተቀረጸ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ነው፤ ከግርጌው የማይከፈት በር፣ ከበሩ በላይ በየደረጃው መስኮት፣ በመካከላቸው የወራጅ ጫፍ የሚመስሉ ድንጋዮች ተፈልፍለውበታል። ንጉሥ ላሊበላ ደግሞ ኢየሩሳሌምን ዛሬ በስሙ ወደምትጠራው ወደ ሮሃ አምጥቷል፤ ዮርዳኖስም ጎልጎታም እዚያ አሉ። ወደዚያ የሚጓዝ ምእመን ምሳሌ መሆኑን እያወቀ ይሳለማል እንጂ ተታለልኩ አይልም።

ታዲያ ቅድስናው የት ነው? መልሱ ታቦት ነው። ሕንፃው ቢያምርም ቢያረጅም፣ ጎጆም ይሁን ውቅር ድንጋይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው በጳጳስ ተባርኮ በመቅደሱ የሚያድረው ታቦት ነው። ስለዚህ ጭቃ አቡክቶ ወይም እንጨት ጠርቦ የቤተ ክርስቲያንን መልክ የሚያወጣ ሰው ክብሩን አልወሰደም፤ ሊወስድም አይችልም። ድፍረት የሚሆነው ታቦቱን ራሱን ለጌጥ ቀርጾ ሲሸጥ፣ ወይም የሠራትን ትንሽ ቤት እንደ በረከት ዕቃ አስመስሎ ሲያቀርብ ነው።

ከዚህ ድንበር ወዲህ ያለው ሥራ ግን ኃላፊነት አለበት። የቁንዝላን ዳርቻ እንመልከት። ቁንዝላ በጣና ምዕራብ ዳርቻ ያለች ወደብ ናት፤ ከፊት ለፊቷ በምሥራቅ በኩል የደቅ ደሴት አለ፣ በዚያም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል። የአካባቢው ሰው ደንገልን እንዴት እንደሚያስር፣ ሸንበቆን እንዴት እንደሚሰነጥቅ ያውቃል። ይህ እጅ ክብ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ሲነሳ ግን ጣሪያውን ብቻ አሳምሮ ውስጡን ባዶ ቢተወው፣ የሠራው ጎጆ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።

የጣና ዳር ቤተ ክርስቲያን ትርጉሙ ከውስጥ ነው። በስተውጭ ያለው ዙር ደብተራዎች የሚያዜሙበት ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ቀጥሎ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፤ መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ አለ። በዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳዎች በሥዕል የተሸፈኑ ናቸው። ጣሪያው እንዲነሣ ሆኖ የተሠራ ሞዴል ይህን ሥርዓት ለሕፃንም ለእንግዳም ያስተምራል፤ መቅደሱ ግን በሩ ተዘግቶ ቢቀረጽ ይበልጥ እውነተኛ ይሆናል። በጣና ዙሪያ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ ስለለወጡም፣ የሣሩን ክዳን በትክክል የያዘ ትንሽ ሥራ ለመጪው ትውልድ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ ሞዴል ሠሪዎች ቅርጹን ከፖስት ካርድ አትቅዱ። ወደ ደብሩ ሂዱ፣ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ ለኩ፣ የቱ ክፍል ምን እንደሚባል ጠይቁ፣ የደብሩንም ስም ከሥራችሁ ሥር ጻፉ። ገዢዎችም ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህ የየትኛው ደብር ነው ብላችሁ ጠይቁ።