መለዮ ይለያል

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ከወንድሟ ጋር መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ትጠብቃለች። «እትዬ፣ ነርሲንግ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። ወንድሟ አላስጨረሳትም፤ «ከገባሽበት አይቀር መከላከያ ግቢ፤ ልብሱም ቀለቡም ከመንግሥት ነው» አላት። ጎንደር ላይ ከአራዳ እስከ አዘዞ ይህ ጥያቄ ያልተነሣበት ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ለእሷ ያልኳትን፣ ይህንኑ ለምትጠይቁ ለእናንተም ልበላችሁ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ወሬው ረዘም ብሎብኛል።

ወንድምየው ልብሱን ማንሣቱ አልከፋኝም። ነገሩ ያለው እዚያው ልብሱ ላይ ነው። መለዮ የሚባለው ስለሚለይ ነው፤ ወታደሩን ከሲቪሉ፣ ፖሊሱን ከመንገደኛው ይለያል። የነርስ ነጭ ጋውንም፣ ማንም በዚህ ስም ባይጠራው፣ መለዮ ነው። ለለበሰው በር ይከፈትለታል፣ ወረፋ ይለቀቅለታል። ገጠር ስትሄዱ ደግሞ ነርሷም፣ ካርድ አውጪዋም፣ ላቦራቶሪው ልጅም ሁሉም «ዶክተር» ናቸው። ደስ ይላል፤ እኔንም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ግን መለየት መነጠልም ነው። ልብሱ እናንተንም ከበሽተኛችሁ ይነጥላችኋል። ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት፤ ያስተማረኝም አንድ ሸማኔ ነው።

ከደባርቅ ወዲያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ ነው፤ ገና ልጅ ነኝ። ሰውየው የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ እየመጡ ዓይናችን እያየ ዋጡ። ከዚያ በኋላ፣ እንደዚያን ጊዜው አሠራር፣ ኪኒኑን ወር በወር እየወሰዱ ቤታቸው እንዲውጡ ተደረገ። በመጡ ቁጥር ካርዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ «ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው?» እላለሁ። ቆባቸውን በእጃቸው እያሻሹ «አዎ» ይላሉ። እኔም ካርዱ ላይ ራይት አደርጋለሁ። ክብደታቸው ግን አልጨምር አለ። ቀንሶ የነበረው ሳልም ተመለሰ። «አዎ» እያሉኝ ለምን እንደማይድኑ ግራ ገባኝ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በደጃቸው አለፍኩ። ጋውን የለኝም፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ሽንኩርት በዘንቢል አንጠልጥያለሁ። «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ቅመሽ» አሉኝ። መደቡ ላይ አረፍ አልኩ፤ ጠላ ተቀዳልኝ። ስለ ፈትል መወደድ እያወራን ሳለ ከጓዳ ሳል ተሰማ። ከሳንባ ሥር ተጎትቶ የሚወጣ፣ ጆሮዬ በደንብ የሚያውቀው ሳል ነው። ባለቤታቸው ነበሩ። ሰውየው ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ፈትሉ ሲነግሩኝ በነበረው ድምፅ፣ «መድኃኒቷን እኩል እንካፈላታለን፤ እሷንም መጀመሪያ ላይ ሻል ብሏት ነበር» አሉኝ። ኪኒኖቹን የሚቆርጡባት ቢላ ነበረቻቸው። አሳዩኝ፤ አፏ የሳሳ፣ የጎመን መክተፊያ የምትመስል ቢላ።

ሰውየው አልዋሹኝም። እየወሰዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ይወስዱ ነበር። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስል እንዳለ ግን አልጠየቅሁም። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ብጠይቅም «የለም» የሚሉኝ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ቤት ለቀው ከመጡ ከብቱን የሚያይ የለም፣ የበሽታው ስምም ላላገቡ ሴት ልጆቻቸው አይበጅም። በግማሹ የተወሰደ መድኃኒት ደግሞ ተሕዋሱን አይገድለውም፣ ያለማምደዋል። ጎንደር ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ሳንባ ነቀርሳ የሚታከምበት ክፍል አለ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያቺ ቢላ ትታየኛለች። ሁለቱንም ከመጀመሪያው አስጀመርናቸው። እሳቸው ዳኑ። ለባለቤታቸው ዘግይተን ነበር።

የደጋው ሰው መንግሥትን ያወቀው በልብሱ ነው። ግብር አስከፋዩም፣ ለዘመቻ መልማዩም፣ ጠመንጃ ቆጣሪውም ለብሰው ነው የመጡት። ለለበሰ ሰው የሚሰጠውን መልስ ከአያቱ ወርሶታል፤ «እሺ»፣ «አዎ»፣ «ደህና ነኝ»። እናንተም ለብሳችሁ ስትቀርቡት ያንኑ ይሰጣችኋል። ከጃናሞራ ቁልቁለት ሌሊቱን ሙሉ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧት ወላድ እንኳ «ደህና ነኝ» ትላችኋለች። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ቀይሩ። «ወሰድሽ?» በማለት ፈንታ «ዛሬ ጠዋት ስንት ዋጥሽ? በምን አወራረድሽው?» በሉ። «ምጡ በስንት ሰዓት ጀመረሽ?» ብትሏት ሰዓት የላትም፤ «ከብቶቹ ሲገቡ ጀምሮሽ ነበር?» ብትሏት ግን ቁጭ አድርጋ ትነግራችኋለች። ቆማችሁ አትጠይቁ። ባልየው እየመለሰላት ካስቸገራችሁ በዘዴ ካርድ ክፍል ላኩት፤ ካርድ ክፍል ሁልጊዜ ወረፋ አለ።

ጎንደር ሰውን ቤቱ ሄዶ ማየትን ድሮ ታውቀው ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። አገሩ በቂ ሐኪም አልነበረውም፤ ለእያንዳንዱ አውራጃ ሐኪም እስኪመረቅ እንጠብቅ ቢባል ደግሞ ዘመን ያልፋል። በ1947 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ እዚሁ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ሦስት ዓይነት ሰው አብሮ ያሠለጥን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን። ሦስቱ አንድ ላይ ተመድበው ጤና ጣቢያ ይከፍታሉ። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ሳኒቴሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትይዛለች፣ ቤት ለቤትም ትሄዳለች። እኔ በሸማኔው ቤት በአጋጣሚ ያገኘሁት ነገር ለእነሱ መደበኛ ሥራቸው ነበር። ኮሌጁ በ1971 የሕክምና ትምህርት ጀመረ፣ በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ሕንፃውም ተማሪውም በዛ። ያ አሠራር ግን የቡድን ሥልጠና በሚል አሁንም አለ፤ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አብረው ወጥተው ትንንሽ ከተሞች ላይ ይሠራሉ። ብዙ ተማሪ እንደ ሽርሽር ያየዋል። እናንተ ጎንደር ከደረሳችሁ እንደዚያ እንዳታዩት።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመርም ሐሳቡ ያው ነበር። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ ከአካባቢው የተመለመሉ፣ ቋንቋውንም ጠባዩንም የሚያውቁ። ዲግሪ ይዛችሁ ስትመደቡ እነሱን ከላይ ሆኖ ማየት ይቃጣችኋል። በየቤቱ ማን ሳል እንዳለበት፣ የማን ልጅ ክትባት እንዳቋረጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሄዳችሁ ቡና ጠጡላቸው።

አሁን ወደ ሆስፒታል ልግባ፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥፋት አለ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ስሙ ይቅር፣ ጠዋት ተረኛ ሆኜ ገብቼ ቻርቶቹን አገላበጥኩ። ሃያ ሁለት ታካሚ፣ ሃያ ሁለት ጊዜ 36.5። ሙሉ ክፍሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ አንድ ዓይነት ሙቀት ነበረው! አንዱ ልጅ ግን እጄን ግንባሩ ላይ ሳሳርፍ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። የሌሊቱ ተረኛ ሰነፍ አልነበረም፤ ለሃያ ሁለት ሰው ብቻውን ነበር፣ ቴርሞሜትሩም አንድ ነው። ያልለካውን ባዶ ቢተወው ኖሮ እኔ ጠዋት ባዶውን አይቼ ከመለካት እጀምር ነበር። 36.5 ብሎ በመሙላቱ ግን ዓይኔን ጨፈነው። ይህን አደራ እላችኋለሁ፤ ያልለካችሁትን አትጻፉ። አለቃ ይቆጣል፣ ይቆጣ። የምጥ መከታተያው ቅጽ፣ የፓርቶግራፉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከወለደች በኋላ የሚሞላ ፓርቶግራፍ ወረቀት ማበላሸት ነው።

ለደጋ ለምትመደቡ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በእኛ ጊዜ መርፌው የሚጣል አልነበረም፤ የመስታወት ሲሪንጅ ቀቅለን ነበር የምንጠቀመው። ደባርቅ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው። ቆላ የተማረ ሰው ውኃው ተንተክትኮ ሲያየው ጨርሷል ይላል፤ ደጋ ላይ ግን ገና ነው፣ ረዘም ላለ ጊዜ መቀቀል አለበት። ይህን ያስተማሩኝ እዚያው የኖሩ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ናቸው። ዛሬ መርፌው አንዴ ተወግቶ ይጣላል፣ መሣሪያውም በእንፋሎት ግፊት ይመከናል። ቢሆንም መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ኦቶክሌቭ የሚበላሽበት ወርም አለ። እንደ እሳቸው ካሉ ነባር ሠራተኞች ጋር ተወዳጁ።

ወንድምየው ወዳነሣው መከላከያ ልምጣ። አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል፣ ሰፈሩ ሁሉ በስሙ የሚጠራው፣ ድሮ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት። በስደቱ ጊዜ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ አገሯ ገብታ ብዙ ሳትቆይ በ1934 ዓ.ም. በሃያ ሁለት ዓመቷ ዐረፈች። ነርስነት የድሃ ልጅ ሥራ ነው የሚላችሁ አጎት ካለ ይህን ንገሩት። የወታደር ነርስ ግን ሁለት ልብስ ነው የምትደርበው። በአንዱ ማዕረግ አላት፣ ትታዘዛለች፣ የተመደበችበት ትሄዳለች። በሌላው የምትታዘዘው ለቁስሉ ነው። ኮሎኔሉ ጣቱን ተቆርጦ፣ ተራው ወታደር ሆዱን ተመትቶ አብረው ከመጡ ቀድሞ የሚታየው ማን እንደሆነ የጄኔቫ ስምምነት ወስኖታል፤ የሚያስቀድመው የሕክምናው አስቸኳይነት ብቻ ነው። የጠላት ቁስለኛም እንደዚያው። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኛ ጎንደሬዎች ግን ጦርነት በደጃችን ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ አልጋ ላይ የተኛው የማን ወገን እንደሆነ የሚጠየቅበት ቀን ይመጣል፣ የሚጠየቁትም እናንተ ናችሁ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድንን፣ ኮረም ላይ የእንግሊዝን የቀይ መስቀል ድንኳኖች ደብድበዋል። ቀይ መስቀልም መለዮ ነው፤ ከሁሉም ወገን የሚለይ መለዮ። የተደበደበው ሳይታይ ቀርቶ አይመስለኝም። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ቀለብና ልብስ ብቻ አስባችሁ እንዳትፈርሙ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ትምህርት ማሻሻል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ደመወዙ አይበቃም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ወደው አይደለም፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። የዱቲ ክፍያ ይዘገያል፣ ቀን መንግሥት ቤት ማታ የግል ክሊኒክ የሚሠራው ብዙ ነው፣ ካስተማርኳቸው ልጆች ግማሾቹ ዛሬ የሚደውሉልኝ ከዓረብ አገር ነው። የመውጫ ፈተናው አለ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናው አለ፣ ከዚያ በኋላም ምደባ ሳይመጣ ቤት የሚቀመጥ አለ። በዚህ ላይ የማጽናናበት ቃል የለኝም። ማግባት ለምትፈልጉ ደግሞ ዝውውር ቶሎ አይገኝም።

ያም ሆኖ ልጅቷን «ተይው» አላልኳትም። ጎንደር ሆስፒታል የካላዛር ታካሚዎችን አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ከደጋ ወርደው መተማና ሁመራ ሰሊጥ ሲያርሙ የአሸዋ ዝንብ የነከሳቸው ወጣቶች ናቸው፤ ጣፊያቸው አብጦ፣ ጉንጫቸው ጎድጉዶ ይመጣሉ። የተለመደው ሕክምና 17 ቀን በየቀኑ መወጋት ነው። መርፌው ያማል። በመጀመሪያው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ልጅ፣ በ10ኛው ቀን እናቱ የት እንዳለች ሳይጠይቁት ይነግራችኋል፤ በ15ኛው ቀን ምግብ ይሻማል። አሥራ ሰባት ቀን ጋውኑን ለማሳሳት ይበቃል።

ለእሷ የሰጠኋት የቤት ሥራ ይኸው ነው፣ ለእናንተም ይሁን። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የታመመ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስታገኙ አንድ ሌሊት አስታማሚ ሆናችሁ እደሩ። ያለ ልብስ፣ ያለ ስም፣ ወለሉ ላይ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግሉኮሱ ሲያልቅ ተነሥታችሁ ነርሷን ለመጥራት ሂዱ። በሩ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ምን እንደሚሆን፣ ስትናገሩ ድምፃችሁ ምን እንደሚመስል አስተውሉ። እሷም ቀና ብላ ታያችሁ እንደሆነ፣ ወይም ስልኳን እያየች «ቆይ» ትላችሁ እንደሆነ። ጋቢ ያዙ፤ የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፣ ለአስታማሚ የሚሰጥ ብርድ ልብስም የለም።