አያስታውቅበትም

በእኛ ዘንድ ለጠጪ የሚሰጥ ምስጋና አለ፦ «ይጠጣል፤ ግን አያስታውቅበትም።» ሳን ሆዜ በተደገሰ አንድ ክርስትና ላይ ስለ አጎቴ ይኸው ሲባል ሰማሁ። አምስተኛ ብርሌ ጠጃቸውን ጨርሰው የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው ተነሡ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ምላሳቸው አይተሳሰርም። በ880 አውራ ጎዳና ወደ ኦክላንድ ሊነዱ ነው። ማንም አልከለከላቸውም። እኔም።

ያን ማታ የሰከሩት አይጦች ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1986 መጨረሻ የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። የስዊሱ ሮሽ ኩባንያ የሠራውን አር ኦ 15-4513 የተባለ ንጥረ ነገር አልኮል ለተሰጣቸው አይጦች ሰጥተው፣ ስካራቸው ሲገታ አዩ። አልኮል ከሚያፈዝባቸው መንገዶች አንዱ ጋባ የተባለውን ነርቭ አብራጅ ኬሚካል ማበርታት ነው፤ ቫሊየምም የሚሠራው በዚያው በኩል ነው። አዲሱ ንጥረ ነገር የቫሊየምን መቀመጫ ይይዝና ሥራውን ወደ ተቃራኒው ይጎትታል። ቫሊየምን የሚያግደው ፍሉማዜኒል ሲጨመር ደግሞ ይኸው ውጤት ይጠፋል። አይጡ ቀጥ ብሎ ቢሄድም አልኮሉ ከደሙ አልወጣም።

ፍሉማዜኒል ዛሬ በየሆስፒታሉ አለ። ያኛው ግን ለገበያ አልቀረበም፤ በእንስሳት ላይ መንፈራገጥን የመቀስቀስ ጠባይም ነበረው።

ቢቀርብስ? ሰክሮ ቤተሰቡን የሚያስለቅስ ሰው ክኒኑን ቢውጥ ቤቱ ያርፋል የሚል አይጠፋም። ይህን ክርክር አልንቅም፤ ብርጭቆውን መተው ላቃተው ሰው በተለይ። ሌሎቻችን ግን ክኒኑን የምናስበው ገና ሳንጠጣ፣ አእምሯችን ደህና ሳለ ነው። በዚያ ሰዓት የምንገዛው ጤና አይደለም፤ አለማስታወቅን ነው። መንገዳገድ አሳፋሪ ቢሆንም እውነተኛ ምስክር ነው፤ «ቁልፉን ስጠኝ» ለማለት ድፍረት የሚሰጠን እሱ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ይህን የተረዳ ይመስለኛል፦ ሹፌሩ ተንገዳገደም አልተንገዳገደም፣ በደሙ 0.08 በመቶ አልኮል ከተገኘ ጥፋተኛ ነው። እኛ የምናየው አረማመዱን ነው። ክኒኑ ሳይሠራ በፊት እኮ በምስጋናችን ሠርተነዋል!

አጎቴ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው የረጋ ነበር። «ደህና ገባሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ» አልኩ። ስለ ቁልፉ አላነሣሁም።